ልብስ ለብሰው ስለሚኖሩት ኮምፒውተሮች

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር

ጤናዎ እንደ ኮምፒውተር ክፍልዎ የተጠበቀ ይሁን፤ አቧራም አይንካዎት። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምውል፣ ለኮምፒውተሮችዎም ሰማያዊ ልብስ የሰፋሁላቸው ልብስ ሰፊ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ደጅ መጥናቱ ሰልችቶኝ ሳይሆን የቢሮዎን ደጅ አግዳሚ ወንበር ለሌላ ወላጅ ልልቀቅ ብዬ ነው።

፩ኛ. ስለ ትልቋ ልጄ ከልብ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሮቹን ከነልብሳቸው በመስኮት እያየች፣ ኪቦርዱን በወረቀት ላይ እየሣለች በኮምፒውተር ትምህርት አንደኛ ወጥታልኛለች። በቅርቡ አንድ የዕቃ ማከፋፈያ ድርጅት ለሥራ ፈተና ጠርቷት፣ ፈታኟ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ የምትችይውን አሳዪኝ ብትላት፣ ልጄ ብድግ ብላ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ የኮምፒውተርን ትርጉም ከነክፍሎቹ አንዲት ቃል ሳትስት በቃሏ ተወጣችው። ፈታኟ እስከ መጨረሻው አዳምጣ ቀጣዩን ተፈታኝ ጠራች። ልጄ ቤት ገብታ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «አባዬ፣ ያስተማሩኝን ሁሉ መልሻለሁ እኮ።» ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፤ ምን እንደምላት ጨንቆኛል።

፪ኛ. የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ከኪስዎ ባለመለየትዎ፣ እንግዳ ሲመጣም ማሽኖቹን ገልጠው ፎቶ አስነስተው መልሰው በማልበስዎ እናመሰግናለን። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲባል እሰማ ነበር፤ ላሟን ማልበስ ግን የእርስዎ ፈጠራ ነው።

፫ኛ. በወላጆች ቀን «ልጆቻችሁ ሥራ ፈጣሪ ይሁኑ» ብለው መክረውናል። እኔም ልጄን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ላስቀምጣት አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ሰፈሩ የተሰፋ ልብስ በስልክ ማዘዝ ከጀመረ ወዲህ ከእርስዎ ኮምፒውተሮች በቀር የማለብሰው ደንበኛ አላገኘሁም።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ ይቅር። ታናሿ ልጄ በመጪው ዓመት ያንኑ የኮምፒውተር ትምህርት ትጀምራለች። እለምንዎታለሁ፣ የክፍሉን በር ይክፈቱላት። ኮምፒውተሩን ትንካው፣ ታበላሸው፤ እኔ ከነጎረቤቶቼ አዋጥተን እናስጠግነዋለን።

የቢሮዎን አግዳሚ በመቀመጥ ብዛት ያለሰለስኩት፣ ወንበርዎ ይርጋልዎ እያልኩ እጅ ነስቼ የምሰናበት፣

የሁለት ሴት ልጆች አባት፣ ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቀድሞዎቹ ልብሶች በእጥበት ብዛት ስላለቁ የላኩልኝ አዲስ ጨርቅ ደርሶኛል፤ እንጀራዬ ነውና በየልካቸው ሰፍቻለሁ። ከጨርቁ ጥቂት ስለተረፈ ለትልቋ ልጄ የምስክር ወረቀትም አንድ ልብስ ሰፍቼለታለሁ፤ እሱንም ቢሆን የሚነካው ሰው የለም።