የቶማሲ እትብት

ለተወደዱ አባቴ ለኢዮሴፎ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የእማዬስ ሳል ተሻላት? ልጄ ሉሲያ አላስቸገረቻችሁም? እኔ ደህና ነኝ። ሕፃኑም በእግዚአብሔር ቸርነት አለ፤ ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

አባዬ፣ ግራ ገብቶኛል። የቶማሲ እትብት ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ አልወድቅ ሲል፣ እርስዎ «ባሕር ይጣልና ዓሣ አጥማጅ ይሁን»፣ አማቴ ሱአላ ደግሞ «ጎደሬው ማሳ ይቀበርና ገበሬ ይሁን» ስትባባሉ፣ መንደሩ «ልጁ ሽማግሌዎቹ እስኪታረቁ እየጠበቀ ነው» ብሎ አልሳቀብንም? እኔም ስቄያለሁ። ለካ በሽታ ኖሯል! እምብርቱ ቀልቶ እያለ መግል ሳይቋጥር ሲቀር «ንጹሕ ልጅ» ብዬ የኮራሁበትም የበሽታው ምልክት ነበር አሉኝ እዚህ ሆስፒታል።

ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ቁስሉ ዘንድ ሲደርሱ የደም ሥሩን ግድግዳ ይዘው መቆም አለባቸው። የቶማሲ ግን የሚይዙበት ፕሮቲን ስለጎደላቸው ደሙ ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ታዲያ ሲቆጠሩ ከማንም ልጅ በላይ ሞልተዋል! ከሞሉ ለምን ይታመማል ብዬ ብጠይቃት፣ ደሙ ውስጥም ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፣ አንዱ ያጣብቃል፣ አንዱ ያንሸራትታል አለችኝ። ይባስ ብሎ ተምታታብኝ። የገባኝ ይህችው ናት፦ በወጀብ ቀን ገመድ የሌለው ታንኳ ወደባችንን እያየ አልፎ እንደሚሄደው ነው።

መድኃኒቱ ጤነኛ የደም ሴል የሚያፈራለት የእህቱ የአጥንት መቅኔ ነው። የላካችሁት የሉሲያ ደም ገጥሟል፤ ከአባቷ ከላፋኤሌ ጋር በቶሎ ላኩልኝ። መቅኔዋ ይይዝለት እንደሆነ ግን ማንም አላረጋገጠልኝም። አባዬ፣ ፈርቻለሁ።

ትናንት እትብቱን ቆርጠው አነሱት። ሊጥሉት ሲሉ ላቲ የምትባል የቶንጋ ደሴት ልጅ፣ እንደኛው የእትብትን ወግ የምታውቅ ነርስ ናት፣ «ኧረ ተዉ፣ እናቱ ታብድባችኋለች!» ብላ ቀምታ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልዎት በአጎቴ ልጅ በፒሊ እጅ ልኬዋለሁ። እባክዎን ባሕር አይጣሉት። ባሕሩን ጠልቼ አይደለም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ግን የልጄ ደም መያዝ አቅቶታል፤ እትብቱ እንኳ የሚይዝበት ይግባ። ጎደሬው ማሳ ቅበሩት፤ አፈሩንም እርስዎ በእጅዎ ጠቅጠቅ ያድርጉት።

እማዬን ጉንጮቿን ሳሙልኝ። ሉሲያን መርፌው እንደማያሳምማት አትንገሯት፤ እኔ እጇን እንደምይዛት ንገሯት። አማቴን ሱአላን እጅ ነስታለች በሉልኝ፤ አሸነፍኩ ብለው ግን እንዳይፎክሩብዎት። ልጁ ድኖ ሲመጣ ታንኳ ማሰር የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።

ልጅዎ ፔኒና
ኦክላንድ፣ ኦገስት 4 ቀን 2019