ባለ ሁለት ወንበሯ መኪና

ውድ ወንድሜ ነገራ፣ ጤናህ እንደ ትከሻህ የሰፋ ይሁን።

ከጉለሌ አስመራ በአንድ ቀን የምትደርስ የሽቅድምድም መኪና ሠርቻለሁ። እሺ፣ እስካሁን ከጓሮ እስከ በር ነው የሄደችው፤ ያውም ተገፍታ። የጋራዣችን ባለቤት የነበረው ጣሊያን ወደ አገሩ ሲሄድ የተወልንን የመኪና ዕቃ ሳጥን ከፍቼ ነው የገጣጠምኳት። መመሪያው በጣሊያንኛ ስለሆነ፣ በማታ ትምህርት በለመድኩት ፊደል እያንዳንዱ ዕቃ ላይ በጠመኔ ሀ ሁ ሂ እያልኩ ጻፍኩበት። ባለቤቴ ንግሥት ሁለተኛው ወንበር ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ «ተይ፣ የነገራ ነው» አልኳት። እማዬም አይታት፣ «ይቺ ልጄን ታመጣልኛለች?» ብላ ሳቀች።

ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤህ አልደረሰንም። ግንባር ላይ ወረቀት ጠፍቶ ይሆናል ብዬ አምስት ባዶ ወረቀት ልኬልሃለሁ። እኔም ለመስቀል ሞተሯን አስነሳለሁ።

በገዛ እጁ የጻፈው ወንድምህ ገለታ

በደብዳቤው ከጻፍኩት ሁሉ የፈጠርኩት የእማዬን ሳቅ ብቻ ነው። ጥያቄውን ግን ሳትስቅ ጠይቃኛለች።