የረውዳ ድራማ እና የእኔ ጣት

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለጃሚዓ ሠፈር ኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድር ሊቀ መንበር
ጅዳ

ጉዳዩ፦ በእኔ ምክንያት የታገደው የልጆች ድራማ መካ ላይ እንዲታይ ስለመለመን

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

1. እኔ የእድሩ አባል ሙሐመዲን ዒሳ የምሠራው ሰቢል ሠፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። የተሰበረ ሞባይል እንፈታለን፣ ሙጫውን በፈሳሽ እናስለቅቃለን፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይሸጣል። መስኮት የለውም። ጓንት ሥራ ያዘገያል ተብሎ በባዶ እጅ ነው። ፈሳሹ የጣቴን መስመር በልቶ ጨርሶታል። ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ አሻራ ስሰጥ ማሽኑ እምቢ ይለኛል።

2. ይህን ቤት ውስጥ አልተናገርኩም። የሞባይል መሐንዲስ ነኝ ነው ያልኩት። ስልኬ በጣቴ አልከፈት ሲለኝ ልጄን “ረውዳ፣ እጄ ዘይት ነክቷል፣ ክፈቺልኝ” እላታለሁ። ለካ ታውቅ ኖሯል።

3. ባለፈው ጁምዓ፣ ልጆቹ ስለ ሞባይል ሠራተኞች ባዘጋጁት ድራማ ላይ፣ ረውዳ የእኔን የሥራ ጋዋን ለብሳ መድረክ ላይ ወጣች። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስትጠግን ውላ ማታ የራሷን በጣቷ ብትነካው አልከፈትም አላት። አንዱ ከኋላ “አንተ መሐንዲስ! ጋዋኑ ያንተ አይደል እንዴ?” ሲል ሰው ሳቀ። እኔም “ኸላስ፣ ውረጂ!” ብዬ በሰው ፊት ጎትቼ አወረድኳት። የእድሩ ጽሕፈት ቤት ጸብ እንዳይነሳ ብሎ ድራማውን አገደ፤ አልፈርድበትም።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ከኦብሑር ሠፈር የመጡት የቤት ሠራተኛ እህቶች አልሳቁም ነበር። የእነሱንም ጣት በረኪና በልቶታል፤ የገዛ እጃቸውን ነበር የሚያዩት።

4. ረውዳ አሁንም ስልኬን ትከፍትልኛለች። ግን ቀና ብላ አታየኝም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፦

ሀ. እገዳው ተነስቶ ድራማው አስቀድሞ እንደታቀደው በሚቀጥለው ሳምንት ጁምዓ መካ ላሉ ወገኖቻችን ይታይ።

ለ. ስልኩ በጣቷ አልከፈት የሚልበት ቦታ እንዳይቆረጥ። ጋዋኑን አጥቤ ሰጥቻታለሁ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም።

ሐ. አሠልጣኙ ወንድም ሲሳይ ክርስቲያን ስለሆነ መካ አይገባም። ልጆቹን የሚያደርስ ከጠፋ እኔ አደርሳቸዋለሁ። ድራማው ሲታይም ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

በደንቡ መሠረት ከፊርማዬ ጎን አሻራ አድርጌያለሁ። ቀለም የተደፋበት ቢመስልም እባክዎ ወረቀቱን አይመልሱብኝ። የእኔ ጣት ነው።

ከሰላምታና ከይቅርታ ጋር

ሙሐመዲን ዒሳ
የረውዳ አባት