«ሞተሩ የራሷ አይደለም»፦ የአቶ መገርሳ ወዬሳ የሕይወት ታሪክ (1950–2018 ዓ.ም.)

አቶ መገርሳ ወዬሳ በ2012 ዓ.ም. የአንዲት አሮጌ መኪና ሞተር «የራሷ አይደለም» በማለታቸው ከባለቤታቸው ወንድም ጋር ተጣሉ፤ ሽማግሌ ገብቶም ሳያስታርቃቸው አረፉ። ይህ ዛሬ እንዳይነበብ የፈለጉ ዘመዶች አሉ። ለቀብር የመጣው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መደበቅ ግን ትርፉ ድካም ነው።

አቶ መገርሳ ከአባታቸው ከአቶ ወዬሳ ነገሮ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደሜ ጅሩ በ1950 ዓ.ም. ወልመራ ተወለዱ። አባታቸው ሲሞቱባቸው ኮልፌ ወደሚኖሩት አክስታቸው መጥተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ትምህርቱን ያቋረጡት በችግር ምክንያት ነው ሲባል እሳቸው «ሰነፍ ስለነበርኩ ነው» ብለው ያርሙ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ኮልፌ ውስጥ ጋራዥ በነበራቸው በአቶ ጉዲሳ ዘንድ ሥራ ጀመሩ። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» የሚላቸው አቶ ጉዲሳ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ብሎን በጠፋ ቁጥር «መገርሳ፣ በላኸው?» ይሉ ነበር። ጊዜው መለዋወጫ የጠፋበት ነው። አንድ ሞተር ሲሞት ከሌላ መኪና ተነቅሎ ይገጠማል፤ የተገጠመው ሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልተስማማ ደግሞ የዓመቱ ቦሎ የለም። ስለዚህ ጋራዦች የመጣውን ሞተር ቁጥር በሞረድ አጥፍተው በሊብሬው ላይ ያለውን ይመቱበት ነበር። ይህን እንደ ነውር የቆጠረው አልነበረም፤ መኪናው መሄድ ነበረበት።

በ1975 ዓ.ም. የጋሼን ልጅ ወ/ሮ ሙሉወርቅ ጉዲሳን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ላይ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ጋሼ ጉዲሳ በ1989 ዓ.ም. ሲያርፉ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

የድሮ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን ለአቶ መገርሳ ሳያሳይ አይገዛም ነበር። ቀለሙንና ድምፁን ትተው በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ይዘው የሞተሩ አካል፣ ብሎኩ ላይ ያጎነብሳሉ። የተመታ ቁጥር ማንም ሊመታው ይችላል ይሉ ነበር፤ ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብሮት የወጣው ጉብ ያለ ቁጥር ግን አይዋሽም፣ ሞተሩ የተሠራበትን ጊዜ ይናገራል።

ጋሼ ጉዲሳ ከአገር ከሚወጣ ፈረንጅ የገዟት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሙስታንግ መኪና ለልጃቸው፣ ለወ/ሮ ሙሉወርቅ ወንድም ለአቶ ቢቂላ ተርፋ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አቶ ጀላል የሚባሉ የመርካቶ ነጋዴና የአሮጌ መኪና ሰብሳቢ ሊገዟት ፈለጉ። ለሰብሳቢ፣ ከፋብሪካ የወጣችበትን ሞተር የያዘች መኪናና ሞተሯ የተቀየረ መኪና አንድ ዕቃ አይደሉም። ሁለቱም ወገን አቶ መገርሳ እንዲፈርዱ ተስማሙ። አቶ ቢቂላ የመረጧቸው አማች ስለሆኑ ነው፤ አቶ ጀላል ደግሞ ለአማች አያዳሉም ሲባል ስለሰሙ።

አቶ መገርሳ ጨርቃቸውን ይዘው አጎነበሱ። ቀና ሲሉ «ሞተሩ የራሷ አይደለም» አሉ።

«ጋሽ መገርሳ፣ ቁጥሩ እኮ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው!» አሉ አቶ ቢቂላ።

«ብረቱ የፈሰሰው መኪናዋ ከተሠራች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቆማ ጠበቀችው?» ከዚያ በጥፍራቸው አንዷን ሰባት ቁጥር ነኩ። «አናቷ ተሸርፏል፣ አየህ? ይህ የጋሼ ማተሚያ ብረት ነው። እኔም ስንት ዓመት መትቼበታለሁ።»

«አባቴን ሌባ እያሉኝ ነው?»

«ሌባ አላልኩም። መካኒክ ናቸው ነው ያልኩት።»

አቶ ጀላል አመስግነው ሄዱ። አቶ ቢቂላ የአባታቸው ስም በገዢ ፊት ረከሰ ብለው አኮረፉ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ይበሉና ነገሩ ይብረድ» ቢሏቸው፣ አቶ መገርሳ «ዓይኔ ደህና ነው» ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ወ/ሮ ሙሉወርቅ በየፋሲካው ወንድማቸው ቤት የሚሄዱት ብቻቸውን ነበር። አቶ መገርሳ በር ድረስ ይሸኟቸውና ይመለሳሉ። ይህ ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ነው ብለውም አያውቁም።

በጥር 2017 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ተይዘው ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሙሉወርቅን፣ ሦስት ልጆችን እና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ፈጣሪ እሳቸው ሞተር በመረመሩበት ትዕግሥት ይመርምራቸው፤ ከእሳቸው የበለጠ ምሕረት ግን ይጨምርላቸው። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

አንድ ነገር ቀርቷል። ትናንት በለቅሶው ድንኳን አቶ ቢቂላ የተናገሩት ነው፤ እዚህ እንዲነበብም ራሳቸው ጠይቀዋል።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ አቶ መገርሳ ምርኩዝ ይዘው ብቻቸውን ሳንሱሲ፣ አቶ ቢቂላ ቤት ሄዱ። አቶ ቢቂላ ለእርቅ የመጡ መስሏቸው ወንበር አቀረቡ። አቶ መገርሳ አልተቀመጡም፤ መኪናዋ ወደቆመችበት ክፍል ገብተው «አስነሳት» አሉ። ሞተሩ ተነሣ። ኮፈኑን ከፍተው ብዙ ቆመው አዳመጡ።

«የራሷ አይደለም» አሉ።

«ይህን ሊሉኝ ነው ከዚያ ድረስ የመጡት?»

«ያን ቀን ግማሹን ሳልናገር ነው የሄድኩት። ይኼ የሌላ መኪና ሞተር ነው፤ ሲገጠም የሚሆን መለዋወጫ አልነበረም፤ ጋሼ የሞተሩን መያዣ ሁሉ በእጃቸው ነው የሠሩት። ይኸው እስከ ዛሬ አይንቀጠቀጥም። እንዲህ የሚገጥም ሰው ከእሳቸው በፊትም አላየሁ፣ በኋላም አላየሁ። ገዢ ሲመጣ ሁለቱንም ንገረው።»

ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር። አቶ መገርሳ ኮፈኑን ቀስ አድርገው ከደኑ፣ እጃቸውን በጨርቃቸው ጠረጉ፣ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ፤ ዝናቡ መኪናዋ ላይ እንዳይገባም፣ አቶ ቢቂላ ገና ውስጥ ቆመው ሳለ፣ የቆርቆሮውን በር ከውጭ ገፍተው ዘጉት።