ኪሴ ያልቻለው ስልክ

ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ይታወቅ! ትንሿ ቄብ ዶሮ የመጀመሪያ እንቁላሏን ባርኔጣዬ ውስጥ ጥላለች። አያትሽ ሀብትነሽም ባርኔጣው ከእንግዲህ የዶሮዋ ነው ብላ ፈርዳለች። ይግባኝ የለውም።

የልጅ ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ የባሕር ዳር ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከአያትሽ ምላስ በቀር ደኅና ነን። ኔትወርክ ስለሌለ ይህን ጽፌ በናዚፋ እጅ ልኬልሻለሁ፤ የቡሬዋን የበርበሬ ነጋዴ ታውቂያት የለ።

የላክሁልዎትን ተች ስልክ እንዴት አገኙት ብለሽኝ ነበር። እንደ ገበያ በሬ ጥርሱንም ሽንጡንም አይቼዋለሁ። ደግነቱ፣ ዳዊቴን ያለ መነጽር አነብበታለሁ፤ ፊደሉ ባቄላ ያክላል። አንቺም በስክሪኑ ላይ የእውነተኛ ሰው ፊት አክለሽ ትታያለሽ። አያትሽ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውልሽና ከሳች ትላለች። አንቺ ነሽ ወልውለሽ ያከሳሻት ስላት ታኮርፈኛለች።

ክፋቱ ደግሞ፣ ጡት እንዳልጣለ ጥጃ ሶላሩን ቀኑን ሙሉ ጠብቶ አይጠግብም። ኪስ የሚባልም አይበቃው። ከኮቴ ኪስ አንገቱን አውጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ያያል። መንገደኛውም ያየዋል። የፈራሁት ይህንኑ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ፍኖተ ሰላም ላይ ኔትወርክ መጣ አሉ። ለፋሲካ የምትመጪበትን ቀን ከአፍሽ ልሰማ ብዬ ከናዚፋ ጋር በሚኒባስ ሄድሁ። ስንደርስ ኔትወርኩ ሄዷል። ወደ ቡሬ ስንመለስ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መንገድ ላይ አስቆሙን። የማን ወገን እንደሆኑ አልጠየቅሁም፤ እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ ሰው እስከ እኔ ዕድሜ አይደርስም።

ስልካችሁን አውጡ ተባልን። የናዚፋን ባለ ቁልፍ ስልክ አገላብጠው መለሱላት። የኔን ግን አንዱ ነካ ሲያደርገው ስክሪኑ በራ፤ አንቺም በምርቃት ጋዋንሽ፣ ጥርስሽን ገልጠሽ ብቅ አልሽ። በትንሽ ስልክ ቢሆን ምስር ታክዪ ነበር። ይህቺ ማን ናት አባት አለኝ። የልጄ ልጅ ናት አልሁት። የት ነው የምትሠራው፣ መቼ ነው የምትመጣው ሲለኝ የመኪናውን በር ያዝሁ። የጎረቤታችንን የይሄይስን ልጅ ከመኪና አውርደው የወሰዷት መምጫዋን ጠይቀው ነው። እስከዛሬ ወሬዋ የለም።

አግብታ ባሕር ተሻግራለች፣ አትመጣም አልሁት። ፎቶውን ትክ ብሎ አየና ስልኩን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ናዚፋ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ እዬዬዋን አቀለጠችው። ለተዳረች ልጅ እንዲህ ይለቀሳል ወይ ትዪኝ ይሆናል። የነጋዴ እንባ ነው፣ አትመርምሪው።

ስለዚህ ልጄ፣ ለፋሲካ አትምጪ። አያትሽ ላንቺ ያሰረችው ሙክት አለ፤ ሌላ ቀን ይጠብቅሻል፣ እስከዚያ ይስባ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ትንሽ ስልክ ይዘሽ ነይ። የኔን ስልክ ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀብ... አይ፣ አኑሬዋለሁ። ነገ ግሽ ዓባይ ወጥቼ አፌን በጠበል እታጠባለሁ።

መንገድሽን መልአክ ይጠብቀው። ክፉ ዓይን አይይሽ። ዕድሜሽ ከኔም ከአያትሽም ተደምሮ ይብለጥ።

አንዲት ነገር ግን ፈጥሬ ጽፌልሻለሁ። ዶሮዋ እውነት ናት፤ ባርኔጣውን መጥተሽ ታዪዋለሽ። ለሰውየው አግብታለች፣ ባሕር ተሻግራለች አላልሁትም። ያልሁትን አልጽፈውም፤ አንዴ ከአፌ ወጥቷል፣ ይበቃዋል። ስልኬን ሲመልስልኝ ግን ነፍስ ይማር ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ናዚፋ ሳትመለስ፣ በገዛ እጅሽ ጽፈሽ፣ በእሷው በኩል አለሁ በይኝ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ፊደሉን ብቻ ትልቅ አድርጊው።

ባርኔጣ አልባው አያትሽ