ፋይሉ እንዲያልፍ ስለተሰረዘችው «ያንሳል» ምልክት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ደምዎ ሙሉ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ መዝገብ ክፍል በር አጠገብ ተቀምጬ የላቦራቶሪ ውጤት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የምገለብጠው ልጅ ነኝ። አያውቁኝም፤ ሲያልፉ አንገቴን ስለምደፋ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ፣ ለድፍረቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

1. የላቦራቶሪው መሣሪያ አርጅቶ ከሰባት በታች የሆነ የደም መጠን መለካት ስለማይችል፣ ከሰባት ፊት የ«ያንሳል» ምልክት አድርጎ ይተወዋል። ውጤቱ ለሐኪሞች የሚላክበት ኤክስኤምኤል የሚባለው የኮምፒውተር ፋይል ደግሞ ያቺን ምልክት ሲያገኝ አዲስ ትእዛዝ የተከፈተ እየመሰለው አላልፍም ይላል። ችግሩ ሲነገርዎ «የማያልፍ ምልክት ይሰረዝ» የሚል የአንድ መስመር ማስታወሻ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ፋይል አልቆመም።

2. መሳቢያዬ ውስጥ ያገኘሁት የሥርዓቱ መመሪያ፣ ምልክቷ በአራት ሌሎች ምልክቶች ተተክታ ብትጻፍ ፋይሉ ያለችግር እንደሚያልፍና ሐኪሙም ምልክቷን እንደነበረች እንደሚያያት ይናገራል። ሞከርኩት፤ አለፈ። ለአለቃዬ ባሳያት ግን «አንቺ፣ ፋይል ታሳልፊያለሽ ወይስ ትፈላሰፊያለሽ? ማስታወሻውን አላነበብሽም?» አለችኝ። እኔም ዝም ብዬ ስሰርዝ ከረምኩ። በዝምታዬ ስለተገለገሉበት ለእሱም ምስጋና ይገባኛል ብዬ አስባለሁ።

3. ደሙ ከሰባት በታች የሆነ ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይተኛል፤ ሰባት የሞላለት በወሩ ይመለሳል። ኮምፒውተሬ ላይ የካርድ ቁጥር እንጂ ስም ስለማይታይ፣ የእናቴን ምልክት የሰረዝኩት በገዛ ጣቴ ነው። እናቴ «ሰባት ሞልቶልኛል» እያለች ደስ ብሏት ቤት ገባች። በአራተኛው ቀን ደረጃ ላይ ወደቀች። ዋናውን የላቦራቶሪ ወረቀት የጠየቀች አንዲት ነርስ ባትኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ በሌላ ቃና እጽፈው ነበር።

እናቴ አሁን ተኝታ ደም እየተሰጣት ነው። የሌሎቹ እናቶች ግን ወራቸውን ቤታቸው ሆነው እየጠበቁ ነው። ስለዚህ ማስታወሻው ዛሬውኑ እንዲነሳና ምልክታቸው የተሰረዘባቸው አርባ አንድ ሰዎች እንዲጠሩ፣ የእርስዎን ውድ ጊዜ እንደምሻማ እያወቅሁ፣ በትሕትና እለምናለሁ።

ፋይሎችዎ ሁሉ ሳይደናቀፉ እንዲያልፉ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
እስካሁን ታዛዥዎ የነበረችው ገልባጭ

ማሳሰቢያ፦ መልስዎ እስኪደርስ ብዬ፣ በካርድ ቁጥራቸው ስልካቸውን ከመዝገብ እያወጣሁ ለሰዎቹ በየተራ መደወል ጀምሬአለሁ። ዘጠነኛው ላይ ስልኩን ያነሳችው የታማሚዋ ልጅ ናት። እናቷ ካረፉ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ለምን እንደደወልኩ ስትጠይቀኝ የእርስዎን የቢሮ ስልክ ሰጠኋት። ነገ ጠዋት ትደውላለች፤ እባክዎ ያንሱላት።