በደብረ ኤልያስ መኪና የሚመላለስ ጨዋታ

ቅዳሜ፣ ጥር 13
መስመሩ ሁለቴ ተቆረጠ። ቢሆንም የዛሬውን ዙር ጨዋታዎች አምስቱንም በእጄ ገልብጬ ከኢንተርኔት ቤቱ ወጣሁ። የዓለም ምርጥ የቼዝ ተጫዋቾች፣ አሥር ሰዎች፣ ዘንድሮ ከአገር አገር እየዞሩ አምስት ውድድር ይገጥማሉ። እኔ ከደ/ማርቆስ ሳልነቃነቅ እከተላቸዋለሁ። ለራሴ ብቻ አይደለም። መ/ር ይበልጣል መስከረም ላይ ወደ ደ/ኤልያስ ት/ቤት ከተዛወረ ወዲህ ኢንተርኔት የለው፣ ስልክ የለው። ቼዝ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በጠፋው ፈረስ ፋንታ የቢራ ቆርኪ አስቀምጦ። ሲሄድ ሰሌዳውን ለኔ ተወው። የቅኔ ቤት ልጅ፣ ሁሉን በቃሉ ይይዛል። ግልባጩን በጋሽ አዱኛ ሚኒባስ እልክለታለሁ፤ ከሥሩ የኛን ጨዋታ አንድ እርምጃ። እሱም የራሱን ይመልሳል። ለአንድ ዙር አንድ እርምጃ። ከመሃላችን አንዱ ቼክሜት ካለ፣ ወይ የዓመቱ ውድድር ካለቀ፣ ወረቀቱም ያበቃል። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። እኔ ምን አስቸኩሎኝ እሺ አልኩ?

ሐሙስ፣ የካቲት 9
ሁለተኛው ውድድር። ዛሬ ዕረፍት ላይ ናቸው። ዕረፍት! እኔ መናኸሪያ ስመላለስ ዋልኩ። ወረቀት የለም። ጋሽ አዱኛ፣ ክታብ ነው እንዴ የምታመላልሱት ብሎ ሳቀብኝ። አብሬው ሳቅሁ። ቤት ገብቼ የድሮዎቹን ወረቀቶች አወጣሁ። አንዱ ላይ ከእርምጃው ቀጥሎ «እዚህ ብርድ ነው» ይላል። ስንቴ እንዳነበብኩት ላንቺም አልነግርሽም፣ ደብተሬ። ናፍቆኛል። በቃ።

ሰኞ፣ መጋቢት 18
ተናድጃለሁ። ሰሌዳውን ዘርግቼ ሳይ፣ ባለፈው እርምጃዬ ንጉሤን አጋልጬዋለሁ። ንግሥቱን ሁለት ቤት ቢስብ አልቆልኝ ነበር። እሱ ግን ዳር ያለ ወታደር ገፋ። ሳያየው ቀረ! ሐሳቡ ሌላ ጋ ነው ማለት ነው። አዲስ የእንግሊዝኛ መምህርት ደ/ኤልያስ መግባቷን ሰምቻለሁ። ለግልባጭ ለምን እለፋለሁ?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 24
ለፋሁ። ቀዳዳውን ግን አልደፈንኩም፤ ሆን ብዬ። ካየው ይጨርሰኝ አልኩና እኔም ወታደር ገፋሁ። እሱም ወታደር። ደገምኩ። እሱም ወታደር። ዛሬ ሦስተኛው መጣ፤ ወታደር። ይበልጣል በአንድ እርምጃ ያለ ቼክሜት ዓይኑን ጨፍኖም አይስተው። አይቶታል። አይቶ ተወው። የጥር 13ን ገጽ ገልጬ ደንቡን ደግሜ አነበብኩ፤ ቼክሜት ከተባለ ወረቀቱም ያበቃል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 26
አለቀ። አሸናፊው ዋንጫውን ይዞ ፎቶ ላይ ይስቃል። ከጥር ጀምሮ የተከተልኩት ሰው፣ ስሙን ለመጻፍ እንኳ አላሰኘኝም። የኛም የሚገፋ ወታደር አልቋል። ነገ የመጨረሻው ወረቀት። አከራዬ እትዬ ጥሩነሽ ፊቴን አይተው ጠየቁኝ፤ ምንም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት! ዘጠኝ ወር ሆዴ ውስጥ ነቅዟል።

እሑድ፣ ግንቦት 27፣ ረፋድ 4፡00
ከቅዳሴ ቀጥታ መናኸሪያ። ጋሽ አዱኛ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። ዛሬ ወረቀት የለም፣ የምሄደው ራሴ ነኝ አልኩት። አልቀለደም፤ ጋቢናውን ከፈተልኝ። ሰሌዳው ጭኔ ላይ ነው፣ ቆርኪው ኪሴ ውስጥ። ንጉሤ እንደተጋለጠ ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ንግሥቱን ይሳባት፤ ካልሳባት ግን ለምን እንደሆነ በአፉ ይንገረኝ። ካልነገረኝ እኔ እነግረዋለሁ። መኪናው ተነሣ፣ ፊደሉ እየዘለለብኝ